ኮርቻ ሰፊው መብራህቱ ለሦስት ወር ሆላንዳዊ ስለ መሆናቸው

አዲስ አበባ፣ አራዳ
የካቲት ፫ ቀን ፲፱፻፳፭ ዓ.ም.

ለክቡር ባላምባራስ ካላዩ ተድላ
የሥዕልና የጥንት ዕቃ መርማሪ ጽሕፈት ቤት ሹም

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተ ሰብዎ፣ በቅሎዎ፣ ጽሕፈት ቤትዎና ማኅተምዎ ሁሉ ደኅና ናቸው ወይ? ስለ ጉልበትዎና ስለ ወገብዎ የሚጸልይልዎ ሰው በከተማው ሞልቷል ብዬ ስለማምን፣ እኔ ትንሹ አገልጋይዎ የዘንድሮን ጸሎቴን በሙሉ ለዓይንዎ ብቻ አድርጌዋለሁ። አላህ ይጠብቅልዎ።

እኔ ሽኩር አብዱልሃሚድ እባላለሁ። ከጊዮርጊስ ወደ ዶሮ ማነቂያ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ መስተዋት የምቆርጥና ለሥዕል ክፈፍ የምሠራ ሰው ነኝ። ባለፈው ሳምንት በገበያው ግንብ ላይ ባስለጠፉት ማስታወቂያ፣ «አንድ መስተዋት ቆራጭና አንዲት ጥልፍ ሠሪ ተማክረው ሐሰተኛ የሆላንድ ሥዕል በማዘጋጀት ጽሕፈት ቤታችንን ሊያታልሉ ሲሞክሩ ተደርሶባቸዋል» ብለው ለሕዝብ አስታውቀዋል። መስተዋት ቆራጩ እኔ መሆኔን ለማወቅ አልተቸገርኩም፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ ከእኔ ሌላ መስተዋት ቆራጭ የለም። በአደባባይ ላስታወሰኝ ሰው በግል መልስ መስጠት ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ ይህንን ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጽፌ አንዱን ለክቡርነትዎ ልኬ ሁለተኛውን በሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ማንበብ የማይችል መንገደኛ ቢኖር ባለቤቴ ዙህራ ከውስጥ ወጥታ ትተርክለታለች። የእሷ አተራረክ ከእኔ ይልቅ አጭር፣ ለእኔም ይበልጥ የከፋ መሆኑን ግን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በክቡርነትዎ ላይ የነበሩኝን ቅሬታዎች በቁጥር አስቀምጬ ጽፌ ነበር። ደግሜ ሳነባቸው አብዛኞቹ እኔኑ ራሴን የሚከሱ ሆነው አገኘኋቸው። ጥሩ ወረቀት ስለጨረስኩ አልለወጥኳቸውም፤ እንዳሉ ይቀበሉኝ።

፩ኛ፤ ክቡርነትዎን በመጀመሪያ የምወቅሰው እኔን ስላመኑኝ ነው። በአራዳ እየኖረ እኔን የሚያምን ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ለአንድ አርመናዊ ክፈፍ ሠሪ ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። ሰውዬው ወደ ካይሮ ሲሄድ ሱቁን ለእኔ ለቀቀልኝ፤ ከሱቁም ጋር ጥቂት የዘይት ቀለም ቱቦዎችና ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ትቶልኝ ሄደ። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር የሆላንድ ሰዎች ምስል ነው። ጥቁር ለብሰው፣ በአንገታቸው ዙሪያ ነጭ ነገር አድርገው፣ ከጨለማ ውስጥ ብቅ ብለው፣ ብርሃን በአንድ ወገን ፊታቸውን እየነካቸው ያዩኛል። ከምስሎቹ ሥር የተጻፈውን ማንበብ ይቅርና በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ እንኳን እስከ ዛሬ አላውቅም። አርመናዊው አንዳንድ ጊዜ በጣቱ እየጠቆመ፣ «ይህ የመምህሩ የራሱ እጅ ነው፤ ይህ የተማሪው ነው፤ ይህኛው ደግሞ የማን እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይጣሉበታል» ይለኝ ነበር። እኔ ከዚህ ሁሉ ትምህርት ይዤ የቀረሁት መጣላቱን ብቻ ነው።

አርመናዊው ከሄደ በኋላ ለደንበኞቼ ሁሉ የሆላንድ ሥዕል ሊቅ ሆንኩላቸው። ጢሙን የሚላጭበት ቁራጭ መስተዋት ሊገዛ የመጣ ሰው ስለ ሆላንድ ብርሃን ሳይሰማ ከሱቄ አይወጣም። በዚህም ምክንያት አራዳ «ሽኩር ሆላንድ» የሚል ስም አወጣልኝ። እየተሳለቁብኝ መሆኑ አልጠፋኝም፤ ነገር ግን ሰው ሲሰደብ እንኳን በባሕር ማዶ አገር ሲሰደብ ደስ ይለዋል። አንድም ቀን «ተዉ» ብያቸው አላውቅም።

፪ኛ፤ ክቡርነትዎ ወይኒን ሳያውቋት ስለ እሷ በመጻፍዎ ቅር ብሎኛል። ሹም ሁሉንም ሰው ማወቅ ስለማይችል ግን ጥፋቱን ለጊዜው ትቼ እኔ ላስተዋውቅዎ።

ወይኒ መብራህቱ በወርቅ ክር ካባ የምትጠልፍ፣ ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ያህል የሆነ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። አባቷ አቶ መብራህቱ ከተምቤን መጥተው በዚሁ በአራዳ ሠላሳ ዓመት ኮርቻ የሰፉ ሰው ነበሩ። እናቷን በልጅነቷ ስላጣች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ወይኒ ወደ ሱቄ መጀመሪያ የመጣችው መስተዋት ልትገዛ ነበር። መጽሐፉ ተከፍቶ አየችው፤ መስተዋቱን ሳትገዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው የጠለፈችውን ለባለቤቶቹ አድርሳ ስትመለስ እየገባች መጽሐፉን ታገላብጣለች። እሷ ታያለች፣ እኔ እናገራለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ እሷ መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ጨረሰች፤ እኔ ንግግሬን አልጨረስኩም።

አንድ ቀን፣ «ጋሼ ሽኩር፣ የዚህ ሰውዬ ብርሃን ከየት ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «ከሆላንድ ነዋ!» አልኳት።

ጣቷን በገጹ ላይ አሳርፋ፣ «ከግራ ነው፤ ከፍ ካለ መስኮት» አለች። ስለዚያ መጽሐፍ በሱቄ ውስጥ ከተነገረው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነበር።

አርመናዊው የተወልኝን ቱቦዎች እሷው ወሰደቻቸው። ጥቁሩ ሲያልቅባት የላምባ ጥላሸት በተልባ ዘይት አሽታ የራሷን ጥቁር ሠራች። ባለፈው ክረምት አቶ መብራህቱ ሳንባቸውን ታመሙ። ቁጭ ብለው ከማሳል በቀር ሌላ ሥራ ስላልነበራቸው፣ ልጃቸው በመስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ ትሥላቸው ጀመረች። ጥቁር ካባ ደረበችላቸው፤ ብርድ ይሰማቸው ስለነበር አንገታቸውን በነጭ ነጠላ ጠቀለለችላቸው። ሸራ ስለሌላት የዱቄት ከረጢት ተርትራ በኮርቻ እንጨት ላይ ወጠረች። ሐምሌንና ነሐሴን እንዲህ ሲተያዩ ከረሙ። በጳጉሜን መጀመሪያ አቶ መብራህቱ አረፉ። በሕይወታቸው ፎቶግራፍ አንሺ ፊት ቆመው ስለማያውቁ፣ ከመልካቸው በዚህ ዓለም የቀረው ያ የዱቄት ከረጢት ብቻ ነበር።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ወይኒ ሥዕሉን በነጠላ ጠቅልላ ወደ እኔ አመጣችው። «ጋሼ፣ እንደ መጽሐፉ ያለ ጥቁር ክፈፍ ያድርጉልኝ። እኔ ለአባዬ ዘመዶች መርዶ ላደርስ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወደ ተምቤን እሄዳለሁ። ቤቱ ስለሚዘጋ አይጥ እንዳይነካብኝ፣ እስክመለስ እርስዎ ዘንድ ይቆይ» አለችኝ።

እኔም፣ «አባትሽ እኔ ዘንድ ናቸው፤ አይዞሽ፣ በሰላም ግቢ» አልኳት። ይህን ቃሌን ክቡርነትዎ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ፤ ከሳምንት የበለጠ አልጠበቅኩትም።

፫ኛ፤ ሱቄን በእግርዎ ስለባረኩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ያን ዕለት ከበቅሎዎ ወርደው የመስተዋት ዋጋ ሊጠይቁ ሲገቡ፣ ሥዕሉ በአዲሱ ክፈፉ ውስጥ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። እንድሰቅለው አልታዘዝኩም፤ ክፈፌ እንዲታይልኝ ብዬ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም «ሽኩር ሆላንድ» ከሚሉኝ ወገን ናቸው። ክቡርነትዎ በሥዕሉ ፊት ቆመው ባርኔጣዎን አወለቁ። በዚያ በሚያምረው ድምፅዎም፣ «ይህ የሆላንድ ሥራ ነው» አሉ።

በዚያች ቅጽበት እኔ ማለት የነበረብኝ በጣም አጭር ነገር ነበር። «አይደለም ክቡር ሆይ፤ ይህ ኮርቻ ሰፊው አቶ መብራህቱ ናቸው፤ የሣለቻቸውም ልጃቸው ናት፤ ቤታቸው ከዚህ ሁለት መቶ እርምጃ ነው» ማለት ብቻ። ይህን ለመናገር ጉሮሮዬን እንኳን ጠርጌ ነበር። ነገር ግን ሁለቱ ሰዎች አዩኝ። ስንት ዓመት ሲስቁብኝ የኖሩ ሰዎች፣ ፓሪስ ተምሮ የመጣ ሹም በእኔ ሱቅ ውስጥ «ሆላንድ» የሚለውን ቃል ያለ ሳቅ ሲያወጣ ሰምተው አፋቸውን ከፍተዋል። እኔም እጅ ነሥቼ፣ «ክቡርነትዎ ዓይን አለዎት» አልኩ። ከየት እንደመጣ ሲጠይቁኝ ደግሞ፣ «ከአንድ ጥሩ ቤት» አልኩ። ይህኛው እንኳን ውሸት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ክቡርነትዎ የካባውን ጥቁር በአውራ ጣትዎ ዳሰስ አደረጉት። ጣትዎ ጠቆረ። እኔ ደንግጬ ሁሉም ነገር አለቀ ብዬ ሳስብ፣ ክቡርነትዎ ነጭ መሀረብ አውጥተው እየጠረጉ፣ «የሦስት መቶ ዓመት አቧራ!» አሉ። የተልባው ዘይት ሽታ እስከ በሩ ድረስ ይሸት ነበር። ያን ቀን የተማረ ሰው አፍንጫ ከእኛ አፍንጫ የተለየ መሆኑን ተረዳሁ።

ሥዕሉ ለምርመራ እንደሚወሰድ ነግረውኝ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሰጡኝ። እምቢ ማለት እችል እንደነበረ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን በገዛ እጄ፣ በገዛ አንሶላዬ ጠቅልዬ ሰጠሁዎት። አንሶላውን ዙህራ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች፤ ነገሩን ስነግራት ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ አንሶላው አልነበረም።

«ያ የወይኒ አባት አይደሉም እንዴ?» አለችኝ።

«እሱማ ናቸው፤ እስኪመረመር ነው» አልኳት።

«ምናቸው ነው የሚመረመረው? ኮርቻ ሰፊ ናቸው!»

እኔም ስለ ብርሃን ላስረዳት ሞከርኩ። ጥላኝ ወጣች።

፬ኛ፤ በኅዳር ወር በሥዕሉ ላይ የጻፉትን ባለ አራት ገጽ ጥናት ጸሐፊዎ አንብቦልኛል። አቶ መብራህቱ በሕይወት ሳሉ ያላገኙትን ሹመት ከሞቱ በኋላ ስለሰጧቸው በቤተ ሰባቸው ስም አመሰግናለሁ። በጥናትዎ መሠረት መርከብ አይተው የማያውቁት አቶ መብራህቱ በአምስተርዳም ከተማ ባለጠጋ የዓሣ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው እንዳይበርዳቸው የጠቀለለችላቸው ነጠላ የዚያ ዘመን የመኳንንት አንገትጌ ነው። ሥዕሉ የታላቁ የሆላንድ ሠዓሊ የሬምብራንት የራሱ እጅ ባይሆንም፣ በመምህሩ ቤት ከተቀመጡት ተማሪዎች የበለጠው እንደሠራው አያጠራጥርም፤ ምክንያቱም በአፍንጫው ጥግ ያለው ጥላ የመምህሩ ነው፣ በእጁ ላይ ያለው ፍርሃት ግን የተማሪው ነው። እኔ ይህን ስሰማ በጣም ተደሰትኩ። ስለማውቀው ሰው አፍንጫ ይህን ያህል የማላውቀው ነገር መኖሩ ገረመኝ።

በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ግን «ሠዓሊው የሚሥለውን ሰው እጅግ ይወደው እንደነበር ከሥዕሉ ይታያል» የሚል አንድ መስመር አለ። በዚህ መስመር ላይ ቅሬታ የለኝም። ይህን ያየ ዓይን ሌላውን እንዴት ሳያይ እንደቀረ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

በአራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ የነጋዴው ፊት ለምን እንደጠቆረ ተብራርቷል። በቀለሙ ላይ የተቀባው ቫርኒስ ስለጃጀና የሻማ ጢስ ስለለበሰው ነውና፣ በአልኮል ቢታጠብ ቀዩና ነጩ ቆዳ ከሥር ይወጣል ይላል። እዚህ ላይ ሳልሰናበት ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ለዙህራ ብነግራት፣ «አንተ ሆላንድ ሆላንድ ስትል ሰውዬውን ሊያነጧቸው ነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እውነቱን ልናገር ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ በኮሪደሩ የተቀመጡት ባለጉዳዮች፣ «ሥዕሉን ያገኘው እሱ ነው» እየተባባሉ ብድግ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። በሕይወቴ ማንም ተነሥቶልኝ ስለማያውቅ፣ የተለቀቀልኝ ቦታ ላይ ጥቂት ተቀምጬ ተመለስኩ። ሦስቱንም ጊዜ።

፭ኛ፤ ወይኒ በታኅሣሥ መጨረሻ ተመለሰች። ፊቷ ከስቶ፣ ጥቁሯን እንደለበሰች፣ ከመንገድ አቧራ ጋር በቀጥታ ወደ ሱቄ መጣች። ግድግዳውን አየች። «አባዬስ?» አለች።

ነገርኳት። ስነግራት እያሳጠርኩ ነበር፤ እሷ ግን ያሳጠርኩትን እየለየች ትጠይቀኛለች።

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

«ዓይን አለዎት አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… ጠቅልዬ ሰጠሁ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብትጮህ ለእኔ እንዴት በተሻለ! እሷ ግን በሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሬት መሬቱን አየች። «የት እንደሆነ ያሳዩኝ» ብላ ተነሣች።

በማግሥቱ የሆነውን ክቡርነትዎ ያውቁታል፤ ደብዳቤዬን በበሬ ላይ የሚያነቡት ሰዎች ግን ስለማያውቁት ልተርከው። ክቡርነትዎ በትሕትና ወንበር ሰጧት። እሷም ሳትቀመጥ፣ «አባቴን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች። የሣለችው እሷ መሆኗን ስትነግርዎ አልተቆጡም፤ እንዲያውም አዘኑላት።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ብርሃን ለማምጣት በአምስተርዳም አሥር ዓመት ይማራሉ» አሏት።

«ብርሃኑ የቤታችን መስኮት ነው፤ ቅርብ ነው፣ መጥተው ይዩት» አለችዎት።

«እሺ፣ ስምሽ የታለ? ሠዓሊ በሥራው ላይ ይፈርማል።»

«አባቴን ስሥል ለምን እፈርማለሁ? እሱ እኮ ያውቀኛል።»

ክቡርነትዎ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም በመጨረሻ፣ «ክቡር ሆይ፣ የእሷ ሥራ ነው፤ ሰውዬውንም አውቃቸው ነበር» አልኩ። ያኔ የጠየቁኝን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልፈታሁትም። «በጥቅምት ወር ሆላንድ ነው ስል ዓይን አለዎት ብለኸኛል፤ ዛሬ አይደለም ትላለህ። ሥዕል የምታውቅ ከሆነ የጥቅምቱ ቃልህ ይጸናል፤ የማታውቅ ከሆነ የዛሬው ቃልህ ምን ዋጋ አለው?» አሉኝ። በዚያች ሰዓት ያለማወቄን ለማስመስከር አራዳን በሙሉ ልጠራልዎት እችል ነበር፤ ግን አፌ ተሳሰረ። ስንት ዓመት ያለ ዕረፍት የሠራ አፍ፣ አንድ ቀን በተፈለገበት ሰዓት ተሳሰረ።

ክቡርነትዎም፣ «ነገሩን አሁኑኑ እንለየው» ብለው ጥጥና አልኮል አስመጡ። ወይኒ ወደ ጠረጴዛው ተጠግታ፣ «ክቡርነትዎ፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ እባክዎ አይንኩት» አለች። ክቡርነትዎ፣ «የሦስት መቶ ዓመት ቀለም አልደረቀም?» ብለው ሳቁ። ጸሐፊውም ሳቀ። የእኔም ከንፈር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከልማድ የተነሣ ሊስቅ ተንቀሳቅሷል።

ከግራው ጆሮ ጀመሩ። ሁለት ጊዜ ሲያሹት ጆሮው ወደ ጥጡ ተሻገረ። ከሥሩ ቀይ ቆዳ አልወጣም። የወጣው ሰማያዊ ፊደል ነው፤ «ንጹሕ ዱ» ይላል። ቀሪዎቹ ሁለት ፊደላት በአቶ መብራህቱ ጉንጭ ሥር ነበሩ።

ከዚያ ክቡርነትዎ ጉሮሮዎን ጠርገው፣ ይህ የሚያሳየው ሥዕሉ በቆየ ጊዜ ሸራው ስለደከመ በኋለኛው ዘመን በአገራችን ከረጢት መጠገኑን ነው አሉ። ስለ ጀግንነት ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያለውን ግን በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወይኒ አላለቀሰችም። የአባቷ ጆሮ ያለበትን ጥጥ ከእጅዎ ወስዳ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

፮ኛ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥዕሉን ስለመለሱላት አመሰግናለሁ። እስከዚያ ድረስ በሁለት ዘበኛ ይጠበቅ የነበረው ሥዕል ያለ መጠቅለያ፣ በጸሐፊው ብብት ተይዞ መጣ። ፊቱ ያው ፊት፣ ብርሃኑ ያው ብርሃን ነው፤ በአፍንጫው ጥግ ያለው ጥላም ከቦታው አልተነቃነቀም። ሆላንዳዊ ሳለ ዋጋ የማይገኝለት የነበረው ነገር ጥልፍ ሠሪ የሠራችው መሆኑ ሲታወቅ ምኑ እንደጎደለ እኔ አላየሁም፤ ከአንድ ጆሮ በቀር። በጀርባው ላይ ደግሞ በሦስት ቦታ «ሐሰት» የሚል ማኅተም ተመትቶበታል። ሠላሳ ዓመት ኮርቻ ሰፍተው አንድ ስፌታቸው እንኳን ተተረተረ ያልተባሉ ሰው፣ ጀርባቸው ላይ ይህ ቃል ተመታባቸው።

ቀጥሎም ማስታወቂያው ወጣ። ካስለጠፉት ወዲህ ሦስት ደንበኞች ያልተጨረሰ ካባቸውን ከወይኒ ወስደዋል። ወይኒ እንደነገረችኝ፣ አንዲት ወይዘሮም የወርቁን ክር በጥርሳቸው ነክሰው ሞክረውታል። ይህን ስትነግረኝ ፈገግ ብላ ነበር።

፯ኛ፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቁጥር ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። ወይኒ መብራህቱ ያ ሥዕል የሆላንድ ነው ብላ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ይህን ያልነው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዱ ፓሪስ የተማረ፣ አንዱ መጽሐፍ ያገላበጠ። እሷ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው «አባቴ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። ያታለለ ካለ እኔ ነኝ፤ የተታለለ ካለ ክቡርነትዎ ነዎት፤ እሷ በመካከላችን የተገኘች ብቸኛዋ እውነተኛ ሰው ናት። ማስታወቂያው ይነሣልን። ማኅተሙ የግድ ማረፊያ የሚያስፈልገው ከሆነ የእኔ ግንባር ሰፊ ነው፤ በሥራ ሰዓት መጥቼ እቀርባለሁ።

የሥዕሉ ነገር በምን እንዳለቀ ለመዝገብዎ እንዲሆን ልጨምርበት። ወይኒ ጆሮውን መልሳ ልትሥለው ተቀመጠች። አልሆነላትም። «ሁለት ወር ሙሉ ሳየው ከርሜ ጆሮውን አጣሁት፤ ዓይኑን ሳይ ነበር መሰለኝ» አለችኝ። ይህን ስትል ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ መስተዋት እወለውላለሁ። እንባዋን ጠርጋ ትክ ብላ አየችኝና፣ «ጋሼ ሽኩር፣ እስቲ ጥምጥምዎን ከፍ ያድርጉና ወደ በሩ ዞረው ይቀመጡልኝ። አይናገሩም» አለች።

አራት ጠዋት ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ይህን ያህል ዝም ብዬ አላውቅም። ዙህራ ሥራዋን ትታ ትመጣና በሩ ላይ ቆማ ዝምታዬን ታያለች፤ ጎረቤትም ጠርታ አሳይታለች። ሁለቱ ሳቂዎቼም መጥተው ሳይስቁ ሄዱ። በአራተኛው ቀን ወይኒ ብሩሹን አስቀምጣ ከሥዕሉ ራቅ ብላ ቆመች። እኔም ፈቃድ ሳላገኝ፣ «መሰላቸው?» አልኳት።

«አልመሰለውም» አለች። ብሩሹን እየጠረገችም፣ «ግን ይሰማል» አለች።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። በሚመጣው ዘመን የሚነሡ መርማሪዎች ግን በከንቱ እንዳይደክሙ ይህ ይመዝገብልኝ። ሥዕሉ በሙሉ የወይኒ መብራህቱ እጅ ነው፤ ፊቱ የአባቷ ነው፤ የግራው ጆሮ ብቻ በእኔ አምሳል የተሠራ ነው። መብራህቱን ሊያይ የመጣ ሰው ከእኔም አንድ ቁራጭ ማየቱ አሳፍሮኛል፤ አኩርቶኛልም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመርማሪው ጽሕፈት ቤት ብዙ አቧራና ጥቂት አልኮል፣ ለማኅተምዎ ደግሞ የዕረፍት ዘመን እየተመኘሁ፣ ከሊቅነትዎ ግርማ ፊት ወደ ኋላዬ እያፈገፈግሁ የምወጣ፣

ቀድሞ የሆላንድ ሥዕል አዋቂ፣ ዛሬ መስተዋት ቆራጭ፣
ሽኩር አብዱልሃሚድ

ከፊርማ በኋላ የታሰበ፤ ባለፈው ማክሰኞ አንድ የጽሕፈት ቤትዎ ሰው በጓሮ በር መጥቶ፣ ወይኒ ክቡርነትዎን ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበትዎ ላይ መጽሐፍ ከፍተው ልትሥልዎ ትችል እንደሆነ በሹክሹክታ ጠይቆኛል። ፈቃደኛ ናት። የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስምዎንና ሥራዎን በሥዕሉ ላይ በግልጽ እንድትጽፍ ይፈቀድላት። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የሚያይዎት ሰው፣ በጉልበትዎ ላይ የተከፈተውን መጽሐፍ ተመልክቶ አንብበውታል ብሎ እንዳይሳሳት ሰግታ ነው።